የአያ ይመር ጥሩምባ የዋሸችበት ቀን

ስብሰባ ላይ አፌን መዝጋት ብችል ኖሮ ዛሬ በሰላም የምኖር ሰው ነበርኩ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የእኔ አፍ ግን ስብሰባ ሲያይ ቀድሞኝ ይገባል። ከዚያ የሚናገረው እሱ፣ የሚጨነቀው እኔ። ሲፈጥረኝ ደግሞ ስጉ ነኝ። ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩን ልጆች አሉህ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ልጆች ያሉት ሰው ኩርባ ላይ ቀስ ይላል ብዬ ነው። ሰማዩ ሲጠቁር ስለ ራሴ ጣራ ተጨንቄ ስጨርስ ወደ ጎረቤት ጣራ እሻገራለሁ። ባለቤቴ፣ አንተ እኮ የሚያስጨንቅ ነገር ስታጣ ምን ረሳሁ ብለህ ትጨነቃለህ ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከከተማ ከተማ የሚዞር የብስክሌት ውድድር፣ ከቀኖቹ በአንዱ ከደሴ ተነስቶ በከተማችን በሐይቅ በኩል፣ በውጫሌ አድርጎ ወልድያ ይገባል ተባለ። የውጭ አገር ሰዎችም አሉበት። ወዲያው አቀባበል የሚያዘጋጅ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔም የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለሆንኩ ትምህርት ቤቱን ወክለህ ተቀመጥ ተባልኩ። ተቀመጥ ነው የተባልኩት፤ ተናገር ያለኝ የለም። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ግን አንዱ፣ ሰው እንዴት ሦስት ሳምንት ሙሉ ይሽቀዳደማል፣ አይተኛም ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰብሳቢው ዝም አሉ። ሁሉም ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ ለእኔ በር ከፍቶ ግባ እንደ ማለት ነው።

ያለፈው ክረምት ጭቃ አንሸራቶኝ እግሬ ተሰብሮ ነበር። ሐምሌን በሙሉ አልጋ ላይ ተጋድሜ ፈረንጆቹ የሚያደርጉትን የሦስት ሳምንት ውድድር በዲሽ ስከታተል ከረምኩ። መጀመሪያ ሰሞን ባለቤቴ ብቅ ብላ ማን አሸነፈ አለችኝ። የዛሬውን ያሸነፈው እገሌ ነው፣ ውድድሩን የሚመራው ግን ሌላ ሰው ነው፣ የየቀኑ ሰዓት ተደምሮ ነው አልኳት። ታዲያ ዛሬ የቀደመው ምን አገኘ አለች። አበባ። መሪውስ? ቢጫ ማልያ። ነገስ? ነገ ደግሞ ተራራ አለ። በሩ ላይ እንደቆመች ትንሽ አሰበችና፣ ይኸ እኮ ትዳር ነው ብላ ወደ ጓዳ ሄደች።

ይህን የክረምት ዕውቀቴን በሙሉ ለኮሚቴው ዘረገፍኩት። የአንዱ ቀን ጉዞ ምዕራፍ እንደሚባል፣ ማታ ማታ እንደሚተኙ፣ ጥቂቶች ቀድመው እንደሚያመልጡና ዋናው ጭፍራ እንደሚያሳድዳቸው ነገርኳቸው። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ቁልቁለት ላይ ከአውቶቡስ እንደሚፈጥኑ፣ መንገድ ላይ አንዲት በግ ብትገባ አንገት እንደሚሰበርም ጨመርኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው በደንብ አዩኝ።

"በል እንግዲህ መምህር፣ ከቁልቁለቱ ኩርባ እስከ ገበያው መታጠፊያ ያለውን መንገድ የምታስለቅቀው አንተ ነህ" አሉ። "እዚያ ቦታ ላይ አንድ ሰው ቢጎዳ አንተን ነው የማውቀው።"

የእኛን አስፋልት የማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ሥራ ሊመስለው ይችላል። አስፋልት ለእኛ መንገድ ብቻ አይደለም። ማሽላ ይሰጣበታል፣ በግ ይነዳበታል፣ ሰላምታ ይለዋወጡበታል። ሁለት የሐይቅ ሰዎች መሀል መንገድ ላይ ከተገናኙ፣ ከብቱ፣ ልጁ፣ አዝመራው፣ ያለፈው ሰሞን ጉንፋን በየተራ ሳይጠየቁ ማንም ወደ ዳር አይወጣም፤ የጭነት መኪና እንኳ ይህን አውቆ ይጠብቃል። ኮሚቴው የሰጠኝ ወረቀት ላይ የዕለቱ ጉዞ ተስሏል፤ ከደሴ ወደ እኛ የሚወርደው ቁልቁለት፣ ከእኛ በኋላ የአምባሰል ዳገት፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍ ዝቅ ይላል። አደገኛ ኩርባዎች ላይ ቀይ ምልክት አለ። ሌሎቹ ላይ አንድ አንድ፣ የእኔው ላይ ሁለት። ያንን ሁለተኛውን ምልክት ካየሁ በኋላ ወረቀቱን እስከ ውድድሩ ቀን ድረስ ከኪሴ እያወጣሁ ስቆጥረው ከረምኩ።

ሁለት ቀን ሲቀረው ሙከራ አደረግሁ። በፊሽካ ጀመርኩ። ፊሽካውን ስነፋ ባጃጆቹ በሙሉ ቀጥ አሉ፣ ያውም መሀል መንገድ ላይ፤ ትራፊክ ፖሊስ መስያቸው መንጃ ፈቃድ ማውጣት ጀመሩ። እግረኛው ደግሞ ማን ተያዘ ብሎ ሊያይ ተሰበሰበ። የትምህርት ቤቱን ድምፅ ማጉያ አመጣሁ፤ ባትሪው ሞቷል፤ የዚያ ዓይነት ባትሪ በከተማው ጠፋ። በእጄ እያጨበጨብኩ ለመሞከር ብነሳ አንዲት ሴትዮ ምን ሆነሃል ልጄ ብለው ውሃ ሰጡኝ። ምግብ አልበላ አለኝ። ሰው፣ በግና ባጃጅ በአንድ ድምፅ ከያለበት የሚያነሳ ነገር ምን አለ እያልኩ ስብሰለሰል ዋልኩና፣ አለ እንጂ አልኩ ለራሴ።

የቅሬ ጥሩምባ አለ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው፤ መቃብር መቆፈሩም፣ ሬሳ መሸኘቱም፣ ሐዘንተኛ ማጽናናቱም በእሱ ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፤ ያን ጊዜ የሚያርስ ሞፈሩን ይጥላል፣ ነጋዴ ሱቁን ይዘጋል፣ ባጃጅ ባለበት ይቆማል። ጥሩምባዋን የሚነፉት አያ ይመር ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቀጭን፣ ረጅም ናቸው፤ ደረታቸው ግን የጎረምሳ ነው። በጎልማሳነታቸው ከተረከቧት ጀምሮ ለሌላ ሰው አስነክተዋት አያውቁም። ታመው እንኳ ቢሆን ግድግዳ ተደግፈው ይነፋሉ። ቤታቸው ደግሞ፣ እድሌ ሆኖ፣ በእኔው ኩርባ ላይ ከአስፋልቱ ማዶ ነው።

ሄጄ ለመንኳቸው። የብስክሌቱን ፍጥነት፣ ሁለቱን ቀይ ምልክቶች፣ የሰብሳቢውን ማስጠንቀቂያ ሁሉ አስረዳሁ። አያ ይመር እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ አዳመጡኝ። ከዚያ ጥሩምባዋን ከምስማሯ አውርደው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት።

"መምህር፣ ይች ጥሩምባ ዋሽታ አታውቅም" አሉ። "ለዚህ ሁሉ ሰው ነፍቻለሁ። ለእኔ የሚነፋልኝ ማን እንደሆነ አላህ ያውቃል። ማንም ይንፋት ግን፣ ሰው ያምናታል ብዬ ነው ተኝቼ የማድረው። ለብስክሌት ብለህ አታዋሻት።"

እሺ ብዬ ተነሳሁ፤ ከልቤ ነበር። ለሰው ቃል ስሰጥ ሁልጊዜ ከልቤ ነው፤ ችግሩ ስፈራ ልቤ ቦታውን ይለቃል።

የውድድሩ ቀን ማለዳ ኩርባዬ ላይ ተገኘሁ። ቀኑ የገበያ ቀን ነው። አብሮኝ የተመደበው ትራፊክ ፖሊስ ወደ ገበያው መታጠፊያ ተጠርቶ ሄደ። ብስክሌተኞቹ አምስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ ስለተባለ፣ ሕዝቡን በግራና በቀኝ አሰልፌ በራሴ እየኮራሁ ነበር፤ ግን ሰው ቆሞ መጠበቅ ሲሰለቸው አንድ እርምጃ ወደ መንገዱ ይገባል፤ ከኋላው ያለውም እንዲሁ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሰብሳቢው ደውለው፣ ከታሰበው ቀድመዋል፣ ቁልቁለቱን ጀምረዋል አሉኝ። ቀና ብል መንገዱ ላይ በጎች አሉ። ከበጎቹ ወዲህ አንዱ ማሽላውን ሊያሰጣ ጆንያ ይዘረጋል። ከእሱ ወዲህ ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ገና ከብቱ ላይ ናቸው፤ ልጁና አዝመራው ይቀራል። ጮህኩ፤ ድምፄ እኔ ዘንድ እንኳ በደንብ አልደረሰም።

እግሬ ወደ አያ ይመር ቤት ተሻገረ። እምላችኋለሁ፣ አንዴ ደግሜ ልለምናቸው ብቻ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ እሳቸው ሣር ሊያጭዱ ወደ ሐይቁ ዳር ወርደዋል፤ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ጓሮ ናቸው። ጥሩምባዋ ምስማሯ ላይ ነች። በጎቹን ከሞት ላድን፣ ሰውን ከሞት ላድን፣ ሳይመለሱ እመልሳታለሁ አልኩና አውርጄ አስፋልቱ ዳር ይዣት ወጣሁ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ያለው ሰው ያን ሰዓት እዚያ በር ላይ ቢቆም ምን ነበረበት? ደግሞ ብልሃት ነበረኝ። ለሞት ረጅም ረጅም ነው የሚነፋው፤ እኔ ግን አጭር አጭር እነፋለሁ፣ ሰውም ይለየዋል ብዬ ወሰንኩ። ይህን ስምምነት የተስማማሁት ከራሴ ጋር ብቻ መሆኑን ያስታወስኩት ቆይቼ ነው።

ጥሩምባ መንፋት ሳንባ እንጂ ዲግሪ አይጠይቅም። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ሁለተኛ ጊዜ ምራቅ ወጣ። ሦስተኛ ጊዜ ጉንጬ ሊፈነዳ ሲል ድምፁ መጣ፤ ከመጣ በኋላ ግን እንዴት እንደሚቆም አላወቅሁም። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንጀት የሚበላ ድምፅ ሆኖ ከተማውን አዳረሰ። ሳቋርጠው ፀጥታ ሆነ። በጎቹ እንኳ ቆሙ። ተሳካ ብዬ ደገምኩት። ሦስተኛም ጨመርኩ።

ሦስት ረጃጅም ድምፅ ማለት የሐይቅ ሰው በሕልሙም ቢሆን የሚያውቀው ነገር ነው። ግራና ቀኝ ያሰለፍኩት ሕዝብ ኮፍያውን አወለቀ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ባጃጆች እንደ ወጉ ባሉበት ቆሙ፤ ያሉት አስፋልት ላይ ነው። ከዚያ ሁሉም ሰው ማን ነው፣ ማን ነው እየተባባለ ወደ ድምፁ ዞረ፤ ዞሮ ያየው እኔን ነው። የአያ ይመር ጥሩምባ በሌላ ሰው እጅ። እሳቸው በሕይወት እያሉ ማንም እንደማይነካት ከተማው በሙሉ ያውቃል። ነገሩን ማንም አልተናገረውም፤ ግን ራሳቸው አያ ይመር ሞቱ ማለት ነው ሲሉ ከዓይናቸው አነበብኩ። አንዲት አሮጊት ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑና፣ ይመር፣ ይመሬ፣ ለሁላችን ነፍተህ ለአንተ መምህር ይንፋልህ ብለው ወደ ቤቱ ሮጡ። ሕዝቡ ተከተላቸው። ቤቱ ከአስፋልቱ ማዶ ነው ብያችኋለሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ተዉ፣ ብስክሌት ነው፣ ማንም አልሞተም እያልኩ ጮህኩ፤ ለቅሶ ላይ አልሞተም የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋምና እኔንም አይዞህ አሉኝ። አንዱ ደግፎኝ ሊያስቀምጠኝ ሞከረ። ሳይደርሱ ላስቆማቸው ብዬ እንደገና ጥሩምባዋን አነሳሁ። እዚህ ላይ ማሰብ አቁሜ እንደነበረ ልንገራችሁ፤ በነፋሁ ቁጥር ከየሰፈሩ ሰው ይጨምራል፣ ሰው በጨመረ ቁጥር እኔ እነፋለሁ። ሱቆች ተዘጉ። ከገበያው በኩል ሰው ሽቅብ ይመጣል። ከላይ ከቁልቁለቱ ደግሞ የመኪና ሳይረን ተሰማ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ሞት ያልነበረበትን ጥሩምባ ነፍቼ ሞትን በስሙ ጠራሁት፣ አሁን ይመጣል።

ከኩርባው መጀመሪያ የወጣችው ከውድድሩ ፊት ፊት የምትሄደው ነጭ መኪና ናት፤ ጣራዋ ላይ መብራት ይሽከረከራል። ሕዝቡ አምቡላንስ መሰለችው። ሬሳው መጣ የሚል ድምፅ ተነሳና ዋይታው ሁለት እጥፍ ሆነ፤ መኪናዋን ከበቧት። ሾፌሩ የአገራችን ሰው ነው፤ የተዘቀዘቀ ነጠላና የታሰረ ወገብ ሲያይ የማንን ለቅሶ ብሎ አልጠየቀም። ፍሬን ያዘ፣ ሞተር አጠፋ፣ ኮፍያውን አውልቆ ወረደ። ከኋላው አምልጠው የወጡት ሦስት ብስክሌተኞች ደረሱ። ጎማቸው አስፋልቱን ሲፍቅ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ቆመዋል። ከፊት የነበረው አበሻ ልጅ ላቡ እየተንጠባጠበ አየና፣ በአገራችን ለቅሶ ፊት በቅሎ ላይ ተቀምጦ አይታለፍምና፣ ወርዶ ብስክሌቱን በጎኑ ይዞ አንገቱን ደፋ። ሁለቱ ፈረንጆች እሱን አይተው ወረዱ።

ቀጥሎ ዋናው ጭፍራ መጣ። ከላይ ሆነው የቆመውን መኪናና የሕዝቡን ብዛት ስላዩ ቀስ ብለው ነበር የወረዱት፤ ፈጣሪ ይመስገን። በየተራ ፍሬን እየያዙ፣ በየተራ እየወረዱ፣ ባርኔጣቸውን እያወለቁ ተሰለፉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በመንኮራኩር የሚጓዝ ውድድር ሐይቅ ላይ በእግሩ ሄደ። ጫማቸው ሥር ብረት ነገር ስላለ አስፋልቱ ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ቢጫ ማልያ የለበሰው ሰውዬ ከአጠገቤ አንዲት በግ በእጁ ቀስ አድርጎ ገፍቶ አለፈ። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ያለ ምዕራፍ አላየሁም።

ሬዲዮ የያዘ የውድድሩ ኃላፊ ጥሩምባዋን አይቶ ወደ እኔ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማን ነው ያረፈው፣ ትልቅ ሰው ነበሩ ወይ አለኝ። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አፌ ግን፣ "በጣም ትልቅ ሰው" አለ። ኃላፊው በሬዲዮው ለኋለኞቹ አስተላለፈ፤ ቀጥሎም ሦስቱ አምላጮች በነበራቸው የሰዓት ልዩነት ልክ ቀድመው እንዲነሱ አዘዘ። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነበር። ዋይታውን ሰምተው እትዬ ዘይነባ ከጓሮ ወጥተዋል። ሕዝቡ አቅፏቸዋል። ከግቢያቸው ባዶውን ምስማር አይተዋል፣ ጥሩምባዋን በእኔ እጅ አይተዋል፤ ሐይቁ ዳር ወድቆ ነው፣ ውሃው ወሰደው እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። አልቅሼ አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ ያን ሰዓት ግን እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሕዝቡም መምህሩ እንዴት ይወዳቸው ነበር ተባባለ።

በዚህ መሀል ከሐይቁ በኩል ካለው መንገድ አንድ ሰው ሸክም ሣር ትከሻቸው ላይ እንደያዙ እየሮጡ መጡ። ጥሩምባቸውን ከታች ሆነው ሰምተዋል። የራሳቸው ጥሩምባ፣ በሌላ ሰው ትንፋሽ፣ ከራሳቸው ቤት በኩል። ቤታቸው ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ሣሩን መሀል መንገድ ጥለው፣ ዘይነባ፣ ዘይነባዬ እያሉ በብስክሌተኞቹ መሀል ሰንጥቀው ገቡ። ፊታቸውን በጋቢያቸው ስለሸፈኑ ማንም አልለያቸውም። ሰዉ እየደገፈ፣ አይዞዎት እያለ፣ የራሳቸውን ሐዘን ሊደርሱ ወደ ራሳቸው በር አሳለፋቸው። በሩ ላይ ጋቢያቸውን ገለጥ ቢያደርጉ እትዬ ዘይነባ ፊት ለፊት ቆመዋል።

"አለሽ?" አሉ አያ ይመር።

"አንተስ አለህ?" አሉ እትዬ ዘይነባ።

አርባ ዓመት አብረው ሲኖሩ ሰው ፊት እጅ ለእጅ ተያይዘው የማያውቁ ሰዎች ተያይዘው ቀሩ። መጀመሪያ ከሕዝቡ አንዷ እልል አለች፣ ቀጥሎ ሁሉም። ለቅሶ ቤት የመጣ ሳይቀምስ አይሸኝምና ጎረቤት ለሐዘንተኛ ብሎ ያመጣውን ዳቦና ቆሎ ለብስክሌተኞቹ ያድል ጀመር። ማልያቸው ከጀርባ ኪስ እንዳለው ሴቶቹ ሲያዩ ቆሎውን በእፍኝ እያፈሱ ሞሉት። ፈረንጆቹ ለቅሶው መቼ ሠርግ እንደሆነ ሳይገባቸው እጅ ነስተው፣ ብስክሌታቸው ላይ ወጥተው ወደ አምባሰል ዳገት ሄዱ። ማንም አልተጎዳም። በጓም ደህና ናት።

አያ ይመር ግን ወደ እኔ መጡ። ጥሩምባዋን እጄ ላይ ሲያዩ ፊታቸው አልተቆጣም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ማን ሞቶ ነው?" አሉኝ።

"ማንም፣ አያ። አፉ ይበሉኝ።"

"ማንም" አሉ እሳቸውም። ጥሩምባዋን ከእጄ ወስደው አፏን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ይዘዋት ገቡ።

ሰብሳቢው በኋላ አግኝተውኝ፣ አንድ ሰው አልተጎዳም፣ ሥራህን ተወጥተሃል ብለው ጨበጡኝ። ቅሬው ግን በሳምንቱ ተሰብስቦ ፈረደብኝ። ፍርዱ ቀላል ነበር፤ አያ ይመርን ሄደህ ይቅርታ ጠይቅ፣ ሁለተኛም ጥሩምባዋን እንዳትነካ። አመስግኜ ተቀበልኩ። በዚህ ቢያልቅ ኖሮ እናንተንም ባላደከምኩ ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ ከገበያው በላይ ያሉ አንዲት ባልቴት አረፉ። አያ ይመር በማለዳ ወጥተው፣ በሚታወቀው ትንፋሻቸው፣ ሦስት ጊዜ ረዘም አድርገው ነፉ። እኔ መስኮቴ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ከዚያ ያየሁትን አልረሳውም። በጎች ተነድተው ወደ ዳር ወጡ። ማሽላ ያሰጣው ሰውዬ ጆንያውን ሰበሰበ። ባጃጆች መንገዱን ለቀው ጥጋቸውን ያዙ። ሁለት የተገናኙ ሰዎች ሰላምታውን አዝመራው ላይ አቋርጠው ተለያዩ። ሕዝቡ በግራና በቀኝ ተሰልፎ፣ ከደሴ በኩል ወደሚመጣው ኩርባ እያየ፣ ማጨብጨብ ጀመረ። በጭብጨባው መሀል አያ ይመር ጥሩምባቸውን ይዘው ብቻቸውን ሄዱ። ቆፋሪ ጠፍቶ የባልቴቷ መቃብር የተቆፈረው ከቀትር በኋላ ነው።

በማግስቱ ቤቴ መጡ። ባለቤቴ ወንበር አቀረበችላቸው። ተቀመጡ፤ እኔም አፌን ዘጋሁ፣ በሕይወቴ ከዘጋሁባቸው ጥቂት ቀኖች አንዱ ነው።

"እኔ ስሞት እንዲህ ሊሆን ነው" አሉ በመጨረሻ። "ይነፉልኛል፤ ሰዉም ዳር ይዞ ያጨበጭብልኛል። እንግዲህ ሰዉ ብስክሌቱን እስኪረሳ ድረስ መሞት አልችልም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቅሬው ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ከአያ ይመር ኋላ ኋላ እየተከተልኩ፣ የዛሬው እውነት ነው፣ የዛሬው ሰው ነው እያልኩ እለፍፋለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በእሳቸው በር አልፋለሁ። እንዴት አደሩ ስል ሳላቸውን እሰማለሁ፤ ደረቅ ከሆነ ማር እወስዳለሁ፣ እርጥብ ከሆነ ጤና ጣቢያ ካልሄድን ብዬ እጨቀጭቃለሁ። እሳቸውም ከአልጋቸው ሆነው፣ አብሽር መምህር፣ ገና አልረሱትም ይሉኛል። እውነትም መርሳት ጀምረው ነበር። ባለፈው ሰሞን ጥሩምባዋ ስትነፋ ያጨበጨበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከሌላ አገር የመጣ ሹፌር ነው።

በቀደም ግን ኮሚቴው እንደገና ተጠራ። ሰብሳቢው ደብዳቤ አነበቡ። የውድድሩ አዘጋጆች የሐይቅ ሕዝብ ለሐዘን ያለው ክብር ልባቸውን ስለነካው፣ በሚመጣው ዓመት ብስክሌተኞቹ ከተማችን ውስጥ እንዲያድሩ ወስነዋል። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ያላጨበጨብኩ እኔ ብቻ ነኝ። ከስብሰባው በቀጥታ ወደ አያ ይመር ቤት ሄድኩ፤ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት ብዬ ነው። በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ጥሩምባቸውን ይወለውሉ ነበር። ነገርኳቸው። መወልወላቸውን አቁመው ወደ ኩርባው አዩ።

"ደግመው ሊመጡ ነው?"

"አዎ፣ አያ።"

ጥሩምባዋን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በውስጧ አዩ፤ ከዚያ ጨርቋን አንስተው ሥራቸውን ቀጠሉ።

"እንግዲህ ምን ይደረጋል" አሉ፤ "አንድ ዓመት መጨመር ነዋ።"